ሲፕሮ ለጨብጥ ለምን አይታዘዝም?

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ሲባል እንሰማለን። የሚለምደው ግን ባክቴሪያው ነው። ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት) በሕይወትዎ ውጠው ባያውቁም፣ የተላለፈብዎት ጨብጥ ሲፕሮን የለመደ ሊሆን ይችላል።

ጨብጥ በዚህ ነገር የታወቀ ነው። ሰልፋ፣ ፔኒሲሊን፣ ቴትራሳይክሊን የሚባሉትን መድኃኒቶች በየተራ ካሸነፈ በኋላ ሲፕሮ ላይ ደረሰ። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 ሲፕሮ ለጨብጥ እንዳይታዘዝ መከረ። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የሚመክረው አንድ የሴፍትሪአክሶን መርፌ ነው፤ ለአብዛኛው አዋቂ 500 ሚሊ ግራም።

ጉሮሮ የባሰ ነው። እዚያ የሚቀመጥ ጨብጥ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ጉሮሮ ውስጥ በሰላም ከሚኖሩ የባክቴሪያ ዘመዶቹም መድኃኒት የሚቋቋምበትን ዘረመል ይቀበላል። ሕክምናውም እዚያ ይከብዳል። የጉሮሮ ጨብጥ የታከመ ሰው ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ተመልሶ ይመርመር የሚባለው ለዚህ ነው (ብዙው ሰው አይመለስም እንጂ)።

ታክመው ምልክቱ ከተመለሰ ደግሞ ወዲያው መድኃኒቱን አይውቀሱ። ብዙ ጊዜ ያልታከመ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ መልሶ አስይዞ ነው።