ዲፈረንሻል ሎክ ምንድን ነው? «ፎር ዊል አስገባሁ» ማለት አይደለም

«ፎር ዊል ነው፤ ሎክም አለው።» የድሮ ሃይሉክስ ለሽያጭ በወጣ ቁጥር ይህች አባባል አትጠፋም። ፎቶውን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ሎክ የተባለው የፊት ጎማው መሃል ላይ ያለው፣ በእጅ የሚዞረው ክዳን ነው። እሱ ሌላ ነገር ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው፣ ፒክአፑን ለገጠር መንገድ ማዘጋጀት ለፈለገ ወጣት እንዲህ ብሎ ሲመክር አነበብኩ፦ «ፎር ዊል ካስገባህ አራቱም ጎማ ይጎትታል። ዲፈረንሻል ሎክ ጌጥ ነው። ብርህን መኪናውን ከፍ ለማድረግና ለሰፊ ጎማ አውለው።» ወጣቱም አመስግኖ ሄደ። ይህ ምክር ሰውን በክረምት ዋልካ መሃል የሚያሳድር ነው። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ፎር ዊል እንዴት እንደሚገባ፣ ማንሻው የት እንዳለ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ግልጽ ያልሆነው አራቱም ጎማ በእርግጥ የሚጎትተው መቼ እንደሆነ ነው።

ዲፈረንሻል፣ ማለትም በግራና በቀኝ ጎማ መሃል አክስሉ ላይ ያለው የጥርሶች ማካፈያ፣ የተሠራው ለኩርባ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ላይ ቢታሰሩ አንዱ የግድ ይንሸራተት ነበር። ስለዚህ በዲፈረንሻሉ ሆድ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳሉ። ጉልበቱን ግን የሚያካፍሉት እኩል ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ዲፈረንሻል ጉልበቱን ሁሉ ለሚሽከረከረው ጎማ ይሰጣል» ሲባል ትሰማላችሁ። አይሰጥም። ለሁለቱም እኩል ይሰጣል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ደካማው ጎማ ነው።

ጥንድ በሬ አስቡ። ቀንበሩ መሃሉ ላይ በምራን ከሞፈሩ ጋር ታስሯል። በምራኑ ላይ ትንሽ ወዲህና ወዲያ ይዞራል። አንዱ በሬ ብርቱ፣ ሌላው ደካማ ነው እንበል። ብርቱው ከደካማው አብልጦ ሊስብ ሲሞክር ቀንበሩ ይዞራል፤ ማረሻው አይሄድም። ደካማው ጭራሽ መሳቡን ከተወ ብርቱው ወደ ፊት ይወጣል፣ ቀንበሩ ይጣመማል፣ ማረሻው ባለበት ይቀራል። የብርቱው በሬ ጉልበት የትም አልሄደም። የሚገፋበት ነገር አጣ እንጂ። ተራ ዲፈረንሻል ይህ ቀንበር ነው።

በቁጥር እንየው። የኋላ ግራ ጎማ ጭቃ ላይ ነው። ከ100 ኒውተን ሜትር (የማዞር ጉልበት መለኪያ ነው) በላይ ከደረሰው ይንሸራተታል። ቀኙ ድንጋይ ረግጧል፤ 1,500 ቢደርሰውም ይችለዋል። የሚደርሰው ግን 100 ነው። ድምሩ 200 ብቻ። ግራው አየር ላይ ቢንጠለጠል ደግሞ ሁለቱም ወደ ዜሮ ይጠጋሉ። ነዳጅ ብትረግጡ የሚጨምረው የግራው ጎማ ፍጥነትና የሚረጨው ጭቃ ነው።

ለዚህ ነው «ሞተሩ ደከመ፣ ሞተር ቀይር» የሚለው ምክርም የሚያናድደኝ። ባለ 2.8 ሊትሩ የድሮው ሃይሉክስ 3ኤል ናፍጣ ሞተር ወደ 185 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ትንሽ ይመስላል። በአንደኛ ማርሽ በ4 ገደማ ይባዛል። ማንሻው ላይ 4 ኤል በሚለው ቦታ፣ ማለትም በሪዶታ፣ እንደገና በ2.28 ይባዛል። ዲፈረንሻሉ ጋ ሲደርስ ከ4 በላይ ያበዛዋል። የሚባክነውን ሳንቆጥር ጎማዎቹ ጋ የሚደርሰው ከ7,000 በላይ ነው። ይህን ሁሉ ይዞ የቆመ መኪና ጉልበት አላነሰውም። ጉልበቱን የሚያሳርፍበት መሬት ነው ያጣው።

አሁን ፎር ዊሉን አስገቡ። ምን ተለወጠ? በእነዚህ የድሮ ፒክአፖች ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለት ዘንጎች አንድ ላይ ታሰሩ። በቃ። (አስፋልት ላይ ፎር ዊል አይነዳም የሚባለውም ለዚሁ ነው። በኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት መንገድ ስለሚለያይ፣ ልዩነቱ መሄጃ አጥቶ ካምቢዮው ይወጠራል።) በበሬው ቋንቋ፣ ሁለት ጥንድ በሬ ጠመዳችሁ። እያንዳንዱ ጥንድ ግን የራሱ የሚዞር ቀንበር አለው። ከፊተኛው ጥንድ አንዱ፣ ከኋለኛው ጥንድ አንዱ መሳቡን ከተወ አራት በሬ ይዛችሁ ማረሻው ቆመ።

ይህ ደግሞ ብርቅ አጋጣሚ አይደለም። ቦይ በሰያፍ ስታቋርጡ የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ጎማ ይንጠለጠላሉ። ሁለቱ ያለሥራ ይሽከረከራሉ፤ መሬት የረገጡት ሁለቱ ዝም ብለው ይቆማሉ። ፎር ዊሉ ገብቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ መኪናው አይነቃነቅም።

ፊት ጎማ ላይ ያለው ክዳንስ? እሱ ጎማውን ከአክስሉ ጋር ያገናኛል ወይም ይለያል። «ፍሪ» ላይ ከሆነ ፎር ዊል ብታስገቡም የፊት ጎማ አይጎትትም። «ሎክ» ላይ ሲሆን በሬው በቀንበሩ ተጠመደ ማለት ነው። ቀንበሩ መዞሩን ግን አልተወም።

ዲፈረንሻል ሎክ ያንን ቀንበር ከሞፈሩ ጋር በብረት ቸንክሮ ያቆመዋል። ግራና ቀኝ ጎማ እንደ አንድ ዘንግ አብረው ይዞራሉ። ግራው አየር ላይ ቢሆንም ቀኙ የሚችለውን ያህል፣ ከላይ ባልነው ምሳሌ 1,500ውን በሙሉ፣ ይወስዳል። ግራው ጭቃ ላይ ከሆነ የእሱ 100 ተጨምሮ 200 የነበረው 1,600 ሆነ። ሞተር አልተነካም፤ ጎማም አልተቀየረም።

ቸንካሩ ዋጋም አለው። የጥንዱ ሸክም በአንድ በሬ አንገት ላይ ሊወድቅ ይችላል። መኪናው ላይ ይህ አንገት አክስሉ ነው። የሃይሉክስ የኋላ አክስል ደግሞ ከማዞር ሌላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ በብዙዎቹ ላንድ ክሩዘር 70 ላይ ግን ክብደቱን የሚሸከመው ሌላ አካል ነው። ስለዚህ በሎክ ሆናችሁ፣ አንድ ጎማ በድንጋይ ተቀርቅሮ፣ ነዳጅ ድንገት መርገጥ አክስል ይሰብራል። እርሻው ጫፍ ላይ መዞርም ይቸግራል። መሪ ስታዞሩ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል።

ከፍ ማድረጉን እናንሳ፤ መካሪው የጓጓለት እሱ ነውና። ባሌስትራ ቀይሮ ሻንሲውን 5 ሳንቲ ሜትር ማንሳት ዲፈረንሻሉን ከመሬት አንዲት ሚሊ ሜትር አያነሳውም። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የተመረተው ኤል ኤን 106 ሃይሉክስ ፊቱም ኋላውም ወጥ አክስል ነው። አክስሉ በጎማው ቁመት ላይ ይቆማል። ከፍ የሚለው ጎማ ሲተልቅ ብቻ ነው፤ ከ31 ወደ 33 ኢንች ብትሄዱ የምታገኙት 1 ኢንች ነው። ይባስ ብሎ ብዙ ሰው ከፍ ለማድረግ ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ያስገባል። ባሌስትራው ይደርቃል። የደረቀ ባሌስትራ ጎማውን ወደ ጉድጓዱ ስለማያወርደው ጎማው ቶሎ ይንጠለጠላል። ባዶ ፒክአፕ ኋላው ቀላል መሆኑን ጨምሩበት። ዲፈረንሻል ሎክን ጌጥ ያለው ሰው የመከረው ሥራ ሎኩን ይበልጥ አስፈላጊ የሚያደርግ ሥራ ነው።

ጎማን አልናቅሁም። ጥሩ የጭቃ ጎማ ደካማው በሬ ትንሽ እንዲበረታ ያደርጋል። ነፋስ መቀነስ ደግሞ በነፃ የሚገኝ ነው። ቱርሚ አካባቢ ባሉት ደረቅ የወንዝ አሸዋዎች ላይ ከ35 ፒ ኤስ አይ ወደ 18 ወይም 20 ያወረደ ሰው ሎክ ሳያስፈልገው ሊያልፍ ይችላል። ለአሸዋ መጀመሪያ ነፋስ ቀንሱ። ለቦይና ለድንጋይ ግን ነፋስ ብቻውን አያወጣም።

«የኔ ሊሚትድ ስሊፕ (መሽከርከሩን በከፊል የሚገድብ ዲፈረንሻል) ነው» የምትሉም አላችሁ። ጥሩ ነው፤ ግን ውስጡ የሚፋተጉ ሳህኖች ናቸው፣ ያልቃሉ። ፈትሹት። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ፣ የኋላውን በክሪክ አንስታችሁ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፉት። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር አትግቡ። የእጅ ፍሬን ልቀቁ፣ ማርሹን አውጡና አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩ። ሌላው በዚያው አቅጣጫ ከዞረ ሳህኖቹ አሁንም ይይዛሉ። በተቃራኒው ከዞረ የያዛችሁት ተራ ዲፈረንሻል ነው። ደህና ቢሆንም ሙሉ ሎክ አይደለም። የሚያካፍለው ደካማው ከሚይዘው እያባዛ ስለሆነ፣ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል የሚያበዛው ያንሰዋል። ዘይቱም ለእሱ የተሠራ መሆን አለበት።

የእጅ ፍሬን በትንሹ መሳብ ይጠቅማል የሚባለውን አልመክርም። የሚሽከረከረውን ይይዛል፣ እውነት ነው። ደህናውንም ግን እኩል ይይዘዋል፤ የሰጠውን መልሶ ይወስዳል። አዲሶቹ ፒክአፖች በኮምፒውተር የሚሽከረከረውን ጎማ ብቻ ለይተው ስለሚያቆሙ ነው የሚሳካላቸው። የዲፈረንሻሉን ትንንሽ ጥርሶች በብየዳ መዝጋትም አለ። ለውድድር ሜዳ መኪና ይሁን፤ አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ለሚነዳ ግን በፍጹም። እርጥብ ኩርባ ላይ ኋላው ይከዳችኋል፣ ጎማ ይበላል፣ አክስል ይሰበራል። ሎክ ሲፈለግ ተይዞ ሲፈለግ መለቀቅ አለበት። በአየር የሚሠራ እንደ አውስትራሊያው ኤ አር ቢ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለ። የአየሩ ኮምፕረሰር ጎማም ስለሚነፋ ለአሸዋ ነፋስ ለሚቀንስ ሰው ሁለት ሥራ ይሠራል።

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ለኋላ ይሁን። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መሪም አይነካም። የፊቱ ሎክ መሪውን ያደነድናል፣ የፊት አክስልንም ያስጨንቃል።

ሎኩ የሚገባው ከጭቃው በፊት ነው፣ መኪናው ቆሞ ወይም በእርምጃ ፍጥነት እየሄደ። አንዱ ጎማ እየተሽከረከረ ከገባ ጥርሱ ይበላል። ወጥታችሁ ጠንካራ መሬት እንደረገጣችሁ ልቀቁት። ለቃችሁትም መብራቱ ካልጠፋ አክስሉ ተወጥሯል ማለት ነው። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ይለቃል።