ትልቁ አንጀትና ጠጋኞቹ

ቢላ ጣቱን የቆረጠው ሰው ብዙ ጊዜ ሳያስበው ጣቱን ወደ አፉ ይወስዳል። ያለ ነገር አይደለም። ምራቅ ውስጥ ኢጂኤፍ የሚባል ቁስል ጠጋኝ ፕሮቲን አለ። «ግሮውዝ ፋክተር» ከሚባሉት፣ ማለትም ሴሎችን «እደጉ፣ ተባዙ» ከሚሉ መልእክተኞች አንዱ ነው። ያገኘው አሜሪካዊው ስታንሊ ኮኸን ሲሆን፣ ያውም ሌላ ነገር ሲፈልግ ነው። ከአይጥ የምራቅ እጢ ያወጣውን ፈሳሽ አዲስ ለተወለዱ አይጦች ሲወጋ ዓይናቸው ከቀኑ ቀድሞ ተገለጠ። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ወደ አንጀታችን እንምጣ። የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን ውፍረቱ አንድ ሴል ብቻ ነው። ከሽፋኑ ወዲያ ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ አለ። ነገሩ እንደ ጭቃ ቤት ነው። ስንጥቁ ቶሎ ካልተመረገ ውሃ ይገባል፤ ውሃው ደግሞ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ሽፋኑ ሲቆስል ባክቴሪያ ይዘልቃል፣ የመከላከያ ሴሎች ይቆጣሉ፣ ቁጣው መልሶ ሽፋኑን ያቆስላል። አልሰረቲቭ ኮላይቲስ በሚባለው የትልቁ አንጀት ቁስለት ሕመም ይህ አዙሪት ይታያል።

ጥገናው ሲጀመር በቁስሉ ዳር ያሉ ሴሎች ጠፍጠፍ ብለው እየተሳቡ ክፍተቱን ይሸፍናሉ። ይህ የሰዓታት ሥራ ነው። ቀጥሎ ከታች ያሉት ግንድ ሴሎች እየተባዙ የጎደለውን ይተካሉ። ሁለቱንም ግሮውዝ ፋክተሮች ያፋጥኗቸዋል። የኢጂኤፍ ዘመድ የሆነው ቲጂኤፍ አልፋ የሌላቸው አይጦች አንጀት የሚያቆስል ኬሚካል ሲጠጡ ከሌሎቹ የባሰ ይታመማሉ። ቲጂኤፍ ቤታ ግን ስሙ ቢመሳሰልም ዘመዱ አይደለም። ከሥራዎቹ አንዱ የመከላከያ ሴሎችን ማብረድ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የኢጂኤፍ ተቀባይ፣ ማለትም መልእክቱን የሚቀበለው የሴሉ ፕሮቲን፣ የተቀመጠበት ቦታ ነው። በብዛት ያለው በሴሉ ጎንና ጀርባ እንጂ ምግብ በሚያልፍበት ፊት አይደለም። ስለዚህ ጤነኛ ሽፋን ላይ ኢጂኤፍ ዝም ብሎ ያልፋል። ሽፋኑ ሲቀደድ ብቻ ተቀባዩን ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የብሪታንያ ጥናት ኢጂኤፍን በኤኒማ፣ ማለትም በፊንጢጣ በኩል፣ ለኮላይቲስ ታማሚዎች ሰጠ። ሁሉም ከዚያ ጎን ለጎን የተለመደውን እንክብል ይወስዱ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢጂኤፍ ካገኙት 12 ሰዎች 10ሩ ሕመማቸው በረደ። ካላገኙት 12 ውስጥ ግን አንድ ሰው ብቻ። ሰዎቹ ጥቂት ቢሆኑም ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ኬጂኤፍ-2 የተባለው ሌላ ፋክተር ግን በኮላይቲስ ታማሚዎች ሲሞከር አልሠራም።

ታዲያ ኢጂኤፍ ለኮላይቲስ ለምን አይታዘዝም? አንዱ ስጋት ካንሰር ነው። ለዓመታት የቆየ ኮላይቲስ ብቻውን የአንጀት ካንሰርን ዕድል ይጨምራል። እዚያ ላይ ሴል «ተባዛ» ማለት ያስፈራል። ሴቱክሲማብ የተባለው የአንጀት ካንሰር መድኃኒት የሚሠራው ያንኑ የኢጂኤፍ ተቀባይ በመዝጋት ነው።