ባቄላን በጓሮ ማጎንቆልና መዝራት

ባቄላ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ በተለይ ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው አገር የሚበቅል ጥራጥሬ ነው። ስለ ማሳ ባቄላ ብዙ ተጽፏል፤ በግቢ ውስጥ ከጎመኑና ከድንቹ ጎን ለእሸት ስለሚዘራው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ትኩረቱ ፍሬው ውኃ ከሚጠጣበት ሰዓት አንሥቶ ቡቃያው አፈር ሰንጥቆ እስኪወጣ ባሉት ሁለት ሳምንታት ላይ ነው፤ የጓሮ ባቄላ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ያኔ ነውና። ፎሶሊያ፣ ቦሎቄና አደንጓሬ የሌላ ወገን ተክሎች ስለሆኑ የሚነሡት ለማነጻጸር ብቻ ነው።

መነሻ

ባቄላ ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን አካባቢ የተገኘ ሰብል ሲሆን፣ በቀርሜሎስ ተራራ 14,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የዱር ባቄላ ፍሬ ተገኝቷል። ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የገባው ከጥንት ነው፤ ዛሬ አገሪቱ በምርት መጠን ከቻይና ቀጥላ ትጠራለች።

ዝርያዎች

የተሻሻሉ ዝርያዎች ታሪክ በደንብ ተመዝግቧል፤ ለዚህ ምስጋናው በዋናነት የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በተሠራው የረጅም ጊዜ ሥራ፣ ሲኤስ 20 ዲኬ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1977 ተለቀቀ። ፍሬው ደቃቃ ነው፤ አንድ ሺህ ፍሬ 500 ግራም አይሞላም። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ደገጋ፣ በ2006 ሞቲና ገበልቾ፣ በ2009 ዶሻ፣ በ2013 ጎራ ወጡ። የሞቲና የገበልቾ አንድ ሺህ ፍሬ ወደ 800 ግራም ይጠጋል፤ ጎራ ከ900 ግራም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዋልኪ ደግሞ ውኃ ለሚተኛበት ጥቁር ዋልካ መሬት ታስቦ የተመረጠ ነው፤ በዚህ በኩል የማዕከሉ ሥራ ከሚገባው በታች ነው የተወራለት።

ይህ ሁሉ ለጓሮ አትክልተኛ ምን ያደርጋል ቢባል፣ የፍሬው መጠን የዘሩን ብዛትና የሚፈልገውን ውኃ ይለውጣል። ትልቁ ፍሬ ለእሸት ያምራል፤ ነገር ግን ጠጥቶ እስኪጠግብ ብዙ እርጥበት ይፈልጋል። ደቃቃው በትንሽ እርጥበት ይነሣል፣ ለቆሎም ይመረጣል።

ዘር መፈተን

ከገበያ የተገዛ ባቄላ ሁሉ ዘር አይደለም። ያረጀ፣ ዝናብ የመታው፣ ነቀዝ የበሳው ይቀላቀልበታል። ቀዳዳ ያለው ፍሬ አንዳንዴ ይበቅላል፤ ነቀዙ ጽንሱን ካገኘው ግን የሚቀረው ባዶ ክክ ነው። ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር መድኃኒት የተለወሰ ስለሆነ የተረፈው ወደ ድስት አይገባም።

ለሙከራ 50 ፍሬ ሳይመርጡ ይቆጠራል። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ 20 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ባለበት ቤት ይቀመጣል፤ ጨርቁ ይርጠብ እንጂ ውኃ አይቋጥር። የዘር ቤተ ሙከራዎች ባቄላን በ4ኛው ቀን መጀመሪያ፣ በ14ኛው ቀን መጨረሻ ይቆጥራሉ፤ ለቤት ሙከራም ይኸው ይበቃል። 45 ከጎነቆለ ዘሩ ጥሩ ነው። 40 ከሆነ ሩብ ያህል ጨምሮ መዝራት ነው። ከ35 በታች ከሆነ ለሽሮ ይሁን። በቆልት የምታዘጋጅ ባለሙያ ይህን ሥራ ስሙን ሳትጠራ ስትሠራው ኖራለች፦ ሌሊቱን ትዘፈዝፋለች፣ ውኃውን ትደፋለች፣ ጠቅልላ ታስቀምጣለች፤ ያልበቀለውን ፍሬም ከማንም በፊት ታውቀዋለች።

መዘፍዘፍ ያስፈልጋል ወይ?

በዚህ ላይ ሐሳቡ ይለያያል። ፍሬው ለመጎንቆል ከራሱ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ውኃ ስለሚጠጣ፣ በበጋ በመስኖ ለሚዘራ ከ8 እስከ 12 ሰዓት መዘፍዘፍ ጥቂት ቀናት ያተርፋል። በክረምት በራሰ አፈር ግን ጥቅሙ የለም፤ እንዲያውም ጉዳት አለው። ከ24 ሰዓት በላይ ውኃ ውስጥ የቆየ ፍሬ አየር ያጥረዋል፤ ውኃው አረፋ ካወጣና ከሸተተ ታፍኗል ማለት ነው። የጎነቆለን ፍሬ መትከልም ይቻላል፤ ሥሯ ብቅ ስትል እንጂ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ካለፈች በኋላ አይሆንም፣ በጣት ስትነካ ትሰበራለች። ጥቁሩ ዓይን ወደ ታች ይሁን የሚሉ አሉ፤ ሥሯ ራሷ ዞራ ወደ ታች ስለምትሄድ አያስጨንቅም።

መደብና አዘራር

ባቄላ ጥላና የተኛ ውኃ አይወድም። ዋልካ አፈር ላይ 1.2 ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ይሠራል፤ በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች አፈሩን በእጅ እያፈሱ ይህን መሰል መደብ መሥራት የቆየ ልማዳቸው ነው። ቀይ አፈር ላይ ችግሩ ኮምጣጣነት ነው። የኮምጣጣነቱ መለኪያ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ፣ በሥሩ ላይ ያሉት፣ ናይትሮጅን የሚሰጡት ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸው እባጮች ይመነምናሉ፤ ኖራ ወይም በልኩ የተበተነ የእንጨት አመድ ይረዳል።

4 ሜትር ርዝመት ባለው መደብ ላይ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሦስት መስመር ይወጣል። በመስመሩ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ፣ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ አንድ ፍሬ ይጣላል። ይህ 120 ተክል ነው፤ ለመተኪያ ጨምሮ 150 ፍሬ ይያዛል። በጎራ 140 ግራም፣ በሲኤስ 20 ዲኬ 70 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ለማሳ በሄክታር የሚመከረው 121 ኪሎ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ለዚህ መደብ ሲሰላ 60 ግራም አይሞላም፤ ከዘሩ ጎን በአፈር ተለይቶ እንጂ ከፍሬው ጋር ተነካክቶ አይቀበርም። ዩሪያ ወይም ትኩስ ፍግ የበዛበት ባቄላ ቅጠል ያበዛል፣ እሸት ይነፍጋል።

አተር፣ ምስር ወይም ጓያ በበቀለበት አፈር የባቄላው ባክቴሪያ ይገኛል፤ ሽምብራና ቦሎቄ ግን የራሳቸው የተለየ ባክቴሪያ አላቸው። አዲስ መሬት ከሆነ ይህን ባክቴሪያ የያዘው፣ በዱቄት መልክ የሚሸጠው ሕያው ማዳበሪያ በስኳር ውኃ ከዘሩ ጋር ተለውሶ፣ ፀሐይ ሳይነካው ወዲያው ይዘራል። በአበባ ጊዜ አንድ ሥር ተነቅሎ እባጩ ሲቆረጥ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል።

በደጋ የመዝሪያው ጊዜ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ እሸቱ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይደርሳል። በመስኖ ለሚዘራ ትልቁ ጠላት አበባውን የሚያረግፈው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው።

ከበቀለ በኋላ

ቡቃያው ከ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል። የባቄላ ሁለቱ ክኮች እዚያው አፈር ውስጥ ይቀራሉ፤ የቦሎቄ ግን ተሸክሟቸው ይወጣል። ስለዚህ ዶሮ ጫፉን የቆረጠችው ባቄላ ከሥር ዳግም ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ ቦሎቄ ከክኮቹ በታች ከተቆረጠ አበቃለት። በሁለተኛው ሳምንት ያልወጣውን ቆፍሮ ማየት ያስተምራል፦ ለስላሳና የሚሸት ከሆነ ውኃ በዝቶበታል፤ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ እርጥበት አላገኘም፤ ጉድጓዱ ባዶ ከሆነ አይጥ ወስዶታል። ቡቃያው ከመሬት ልክ ተቆርጦ ከተጋደመ ቆራጭ ትል ነው፤ ጠዋት አፈሩን ገለጥ ቢያደርጉ ይገኛል።

አረም ከ3 እስከ 4 ሳምንት፣ ደግሞም ከ6 እስከ 7 ሳምንት ይነቀላል። ክሽክሽ ለስላሳውን ጫፍ ሲወር ጫፉን ቆርጦ መጣል ይበቃል። ቡናማ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ በዝናብና በጭጋግ ወቅት ቅጠሉን ያነድደዋል፤ ተጠጋግቶ የተዘራ ባቄላ ይብስበታል። በሰሜን ሸዋ ቆርምድ የሚባለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ጎልቶ ታይቷል፤ ቅጠሉ ከላይ ይጎደጉዳል፣ ከሥር ያብጣል። አምጪው ኦልፒዲየም የተባለ ፈንገስ ነው ሲባል ቆይቶ፣ በዘረመል የተደገፈ የኋላ ጥናት ፊዞደርማ የተባለ ሌላ ፈንገስ ነው ብሏል። የተያዘው ግንድና ቅጠል ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጣልም፣ መደቡም በቀጣዩ ዓመት ለጎመን ወይም ለድንች ይለቀቃል።

ዘር ማስቀረት

ንቦች የባቄላን ዱቄት ከአበባ ወደ አበባ ስለሚያዘዋውሩ ሁለት ዝርያ ጎን ለጎን ከተዘራ ይዳቀላል። ለዘር በሽታ ያልነካቸው ተክሎች አስቀድመው በክር ይታሰራሉ፤ የታችኛው እሸታቸው ሳይቀጠፍ ጠቁሮ እስኪደርቅ ይተዋል። ተፈልፍሎ በጥላ ይደርቃል፣ ጥርስ ሲነክሰው አልሰረጉድ ካለ ደርሷል። ከዚያ አየር በማያስገባ ዕቃ ተከድኖ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው ሙከራ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ ነው።