«ይህስ ጸራቢው አይደለምን?»

የናዝሬት ሰዎች በጌታችን ላይ የያዙት ክስ ምን ነበር? የእጁ ሙያ። ትምህርቱን በምኵራባቸው ሰምተው ተገረሙ፣ ስለ ተአምራቱም አወሩ፤ ወዲያው «ይህስ ጸራቢው የማርያም ልጅ አይደለምን?» አሉና ተሰናከሉበት (ማር. 6፥3)። ማስረጃ አልጎደላቸውም። ከእኛ ያንሳል ያሉት ሰው በልጦ መገኘቱ ነው የከበዳቸው። በዚያች ከተማ ከጥቂቶች በቀር የተፈወሰ የለም፤ ንቀታቸው የጎዳው የራሳቸውን ድውያን ነው።

ከመንዝ እስከ አንኮበር ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» የምንል ክርስቲያኖች ከናዝሬት ሰዎች በምን እንሻላለን? የምናርሰው እሱ በሠራው ማረሻ፣ የምንጋግረው በእሷ ምጣድ ነው። ከማዕድ ግን እናርቃቸዋለን።

ልጅ በድንገት ሲታመም የደነገጠ ልብ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ትናንት ሸክላ ሠሪዋ በደጅ አልፋ ነበር፤ በቃ፣ «በላችው»። መቶ ጊዜ አልፋ ልጁ ደህና ማደሩን ማንም አይቆጥርም። ታማሚው ሲለፈልፍ የሚጠራውም መንደሩ ሲያማው የኖረውን ሰው ነው፤ ከልጅነቱ ሌላ ስም መች ሰማ? የእኛ ዘመድ ሲያጠፋ «ሰይጣን አሳስቶት» እንላለን፤ እነሱ ሲያጠፉ «ዘራቸው ነው»። ርስት ነፍገን፣ ጋብቻ ከልክለን፣ እርስ በርስ ሲጋቡ ደግሞ «አያችሁ፣ ራሳቸው ይለያሉ» እንላለን። ሁሉም ሲያልቅ «የአባቶች ሥርዓት ነው» ይመጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ይኼ ነው፤ ኃጢአታችንን ካባ አልብሰን ቤተ መቅደስ ማስገባት። የትኞቹ አባቶች? ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል።

በዚህ ስድብ የቆሰላችሁ ወገኖቻችን፣ ወርቁንና ናሱን እንዲሠራ የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበትን ባስልኤልን አስቡ (ዘጸ. 31)። ካህኑ የሚያሳልመን መስቀል፣ የሚያጥንበት ጽና ከእናንተው እጅ የወጣ ነው።

ልጅ ሲታመም ወደ ጠበሉም ወደ ጤና ጣቢያውም ውሰዱት። አጥማቂዎች ሆይ፣ «ማን ነው የበላህ?» እያላችሁ ከታማሚ አፍ ስም አታውጡ፤ ከወጣም ከዚያው አይለፍ። በጽዋ ማኅበር ለቀጥቃጩ ለብቻው የሚቀመጥ ዋንጫ ካለ የማኅበሩ መሪ ሙሴው ያንሣው። ቀጥቃጩም ተራው ሲደርስ ይደግስ፤ እኛም ሄደን ከቤቱ እንብላ።