መኪና መግፈፍ ምንድን ነው?

በዓል በዋለ ማግስት በየሰፈሩ «ቆዳ አለ!» እያለ የሚዞረውን ነጋዴ አስታውሱት። የበጉን ቆዳ ይቀበልና ገልብጦ ይዘረጋዋል። የሚፈልገው ቢላ የነካውን ቦታ ነው። አንድ ቀዳዳ ካገኘ ዋጋው እዚያው ወረደ። በጉን የገፈፈው ሰውዬ ልቡ ሥጋው ላይ ነበር፤ ለቆዳው ማን ተጨንቆ!

የስፖርት መኪና የሚገፍፉ ሰዎችም የሚከስሩት እዚችው ጋ ነው። ልባቸው መኪናው መቅለሉ ላይ ብቻ ይሆናል። የሚያወጡት ዕቃ ገንዘብ መሆኑ ትዝ የሚላቸው ከሰበሩት በኋላ ነው።

መግፈፍ ስል ይህን ማለቴ ነው። ለመንገድ የተሠራ የስፖርት መኪና ከእንግዲህ ትራክ ላይ፣ ማለትም በተዘጋ የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ ሊነዳ ይታሰባል። ስለዚህ ለምቾት ተብሎ ውስጡ የገባው ሁሉ ይወጣል። የኋላ ወንበር፣ ሞኬት፣ የጣራና የበር ልባስ፣ ስፒከር፣ የዕቃ መጫኛው ምንጣፍ፣ ከወለሉ ጋር የተጣበቀው ሬንጅ መሳይ ድምፅ ማፈኛ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ፣ ዳሽቦርድ፣ መሪና አንድ ሁለት ወንበር ነው። የወጣው ይሸጥና ገንዘቡ ለጎማና ለፍሬን ሸራ ይውላል።

እኛ አገር መኪና በትኖ መሸጥ ሲባል ትዝ የሚለን መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ተበትኖ የሚሸጠው መኪና በአብዛኛው ነገሩ ያበቃለት ነው። የተገፈፈ መኪና ግን በደንብ መነዳት የሚጀምረው ከተገፈፈ በኋላ ነው።

ታዲያ ምን ሊጠቅም? አንድ መኪና ልውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 የተሠራው ቢኤምደብሊው ኤም3፣ ኢ46 የሚባለው። የአውሮፓው 343 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱ 1,500 ኪሎ ግድም ነው። ሲካፈል አንዱ ፈረስ 4.4 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። 100 ኪሎ ብናወርድለት የፈረሱ ሸክም ወደ 4.1 ይወርዳል። ክብደቱን ሳንነካ እዚህ ልክ ለመድረስ ሞተሩ ላይ 25 ፈረስ ያህል መጨመር ነበረብን። ቱርቦ ከሌለው ሞተር 25 ፈረስ መጭመቅ ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ወንበር መፍታት የሚጠይቀው መፍቻና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ፈጥኖ መነሳቱ ግን ትንሹ ጥቅም ነው። ትልቁ ፍሬን ላይ ነው ያለው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ተሸክሞት የሚሄደው ኃይል 1.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ከኩርባው በፊት ፍሬን ስትረግጡ አብዛኛው በፍሬን ዲስኩና በሸራው ላይ ሙቀት ይሆናል። በሚቀጥለው ኩርባ እንደገና፣ በሚቀጥለው ዙር እንደገና። ከተማ ውስጥ ይሄ አይታወቅም። ትራክ ላይ ግን ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንዲህ ሲደረግ የፍሬን ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ ነው ላብ የሚመጣው። ከ1,500 ኪሎ ላይ 100 ስታወርዱ ሙቀቱም በዚያው ልክ፣ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጎማውም ዕድሜ ያገኛል።

ይህን ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ቀድመው አድርገውታል። ፖርሼ በ1973ቱ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7 ላይ ያላወጣው ነገር የለም። የኋላ ወንበሩ፣ ሞኬቱ፣ የክንድ ማሳረፊያው፣ ሰዓቱ፣ የኮት መስቀያው ሳይቀር ወጣ። መስታወቱ ቀጠነ። ደንበኛው ከፈለገ ከፊት ያለው የኩባንያው አርማ እንኳ በተለጣፊ ይቀየርለት ነበር። አርማ ስንት ግራም ነው እቴ! ብቻ በድምሩ ምቾት ካልተቀነሰበት ወንድሙ 100 ኪሎ ያህል ቀለለ። ፌራሪ በ1987 ያወጣው ኤፍ40 ሞኬት አልነበረውም፤ በሩ ከውስጥ የሚከፈተው ገመድ በመሳብ ነው። ቢኤምደብሊውም በ2003 ከዚያው ኢ46 ኤም3 ላይ 110 ኪሎ አውርዶ ሲኤስኤል ብሎ ሸጠው። ኤሲና ሬዲዮ ካልተጠየቀ አይገባም ነበር። ዋጋው ደግሞ ከመደበኛው በብዙ ይበልጣል። ያነሰ ዕቃ በበለጠ ብር።

በቤት ውስጥ የሚገፍፈው ሰው እንግዲህ ያንኑ በራሱ እጅ እየሠራ ነው። ኪሎው ያለው ግን ብዙ ሰው በሚያስበው ቦታ አይደለም። ዋናው ወንበር ነው። በሞተር የሚንቀሳቀስና የሚሞቅ የቆዳ ወንበር አንዱ ብቻ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከፋይበር የተሠራ የእሽቅድምድም ወንበር ከነመግጠሚያ ብረቱ ግማሹን ያህል ነው። ከዚያ ሰንሩፉ፣ ማለትም የሚከፈተው የጣራ መስኮት፣ ከነሞተሩ አለ። እሱ ቦታው ላይ፣ አናት ላይ ስለሆነ ሲወጣ መኪናው ኩርባ ላይ መንጋደዱን ይቀንሳል። ሞኬቱም ቀላል አይምሰላችሁ፤ ሥሩ ከተለጠፈው ስፖንጅ ጋር አንድ ሰው ተሸክሞት ሲወጣ ያለከልካል።

ሬንጁ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ወለሉ ላይ በፋብሪካ የተጋገረ ስለሆነ በካቻቢቴ ቢፍቁት ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ሰዎች ያገኙት ዘዴ ደረቅ በረዶ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ነው። ሬንጁ ላይ ይበተናል፣ ትንሽ ይጠበቃል፣ ከዚያ በጎማ መዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት እንደ ደረቀ ቂጣ ይሰባበራል። ድምፁ ደስ ይላል። ግን ጓንት የግድ ነው፤ በሮቹም ወለል ብለው ይከፈቱ። ደረቅ በረዶ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሲተን ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። እናንተም ወለሉ ላይ ናችሁ። ለዚህ ሁሉ ድካም የሚወጣው ጥቂት ኪሎ ነው። እኔ ብጠየቅ ሬንጁን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ፤ ምናልባትም ጨርሶ አልነካውም።

ኤርባግ ላይ ቀልድ የለም። ባትሪው ተነቅሎ በአምራቹ መመሪያ የተጻፈው ጊዜ ሳይጠበቅ ቢጫዎቹን የሽቦ ማገናኛዎች መንካት አይገባም። በኢ46 የጎኑ ኤርባግ በሩ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የበር ልባስ ማውለቅም ራሱ ኤርባግ አጠገብ መሥራት ነው። ቀበቶውን የሚያጠብቀው መሣሪያም ውስጡ ፈንጂ አለው። የወጣ ኤርባግ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ወደ ታች ተደፍቶ ከፈነዳ ሙሉው ዕቃ እንደ ጥይት ይነሳል። እንደ ተራ ዕቃ በፖስታ ልላከው ማለትም አይቻልም፤ በዓለም አቀፉ የጭነት ደንብ አደገኛ ዕቃ ተብሎ የተመደበ ነው።

መሸጡንስ? እኔ አልሸጥም። የጃፓኑን የኤርባግ አምራች የታካታን ጉዳይ የሰማ ሰው ይገባዋል። ሙቀትና እርጥበት ያረጀው የኤርባግ ማፈንጃ ብረት እየበተነ ሰው ገድሏል፤ በዚህ የተነሳ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል። የሁለተኛ እጅ ኤርባግ የሚገዛ ሰው የዕቃውን ያለፈ ታሪክ አያውቅም። ለጥቂት ዶላር ብሎ ያንን በኅሊና መሸከም ይከብዳል።

የማይወጡም አሉ። የማሞቂያው ንፋስ ሰጪ ባለበት ይቅር። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን የፊት መስታወቱ በትንፋሽ ሲሸፈን እሱ ከሌለ በጨርቅ እየጠረጉ መንዳት ነው። ሽቦም በጭራሽ አይቆረጥም። ዳሽቦርዱ ሽቦውን ሁሉ የታቀፈ ስለሆነ እንዳለ መተው ይሻላል።

የጋቢናው የተሳፋሪ ወንበርስ? አንድ ጓደኛዬ ይህን በገንዘቡ ተማረ። ወንበሮቹን ጥንዱን ሸጠ። ለራሱ የእሽቅድምድም ወንበርና ባለ ስድስት ማሰሪያ ቀበቶ ገዛ፤ በስተቀኝ ባዶ ቆርቆሮ። ትራኩ ቦታ ሲደርስ አስተማሪው መኪናውን አየና ሳቀ። «እኔ የት ልቀመጥ?» አሜሪካ ውስጥ ለጀማሪ የሚዘጋጁ ብዙ የትራክ ቀኖች ላይ አስተማሪ ከሹፌሩ አጠገብ ይቀመጣል። ደግሞም ሹፌሩ የታሰረበት ዓይነት ወንበርና ቀበቶ ለአስተማሪውም ይኑር የሚል ደንብ አላቸው። ስለዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ያላችሁ፣ ዌስት ቨርጂንያ ሰሚት ፖይንት ሄደን እንሞክረው የምትሉ፣ የቀኑን ደንብ ሳታነቡ ወንበር አትሽጡ።

ወንበር መቀየር በራሱ ሌላ ነገር ይጎትታል። የፋብሪካው ቀበቶ መኪናው ቢገለበጥ ሰውነት ወደ ጎን እንዲያጋድል ይተዋል። ባለ ስድስቱ ግን ሰውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ጣራው ቢደረመስ ጭንቅላት መሄጃ የለውም። ስለዚህ ሮልኬጅ፣ ማለትም ከውስጥ የሚበየድ የብረት ቧንቧ ይፈለጋል። ሮልኬጅ ደግሞ ሄልሜት ላላደረገ ሰው አደጋ ነው፤ በትንሽ ግጭት ጭንቅላት ብረቱን ይመታል። እዚህ የደረሰ መኪና ገበያ መሄጃ መሆኑ አብቅቷል። ጀርመን ከሆናችሁ ደግሞ በቴክኒክ መርማሪ ሳይጸድቅ የመንገድ ፈቃዱም አደጋ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቆዳው እንመለስ። የወጣውን ማን ይገዛዋል? ሹፌሩ በወጣ በገባ ቁጥር የወንበሩ ጠርዝ ተፈግፍጎ የተቀደደበት ሰው አለ። የበር ልባሱ በፀሐይ የተላቀቀበት አለ። ጨርቅ ወንበር ይዞ ቆዳ የሚመኝ አለ። የሚያስቀኝ ግን አራተኛው ነው። ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው የገፈፈውን መኪና ገዝቶ ወደ ጥንቱ ልመልሰው ብሎ የሚያድን ሰው።

ለእነዚህ ሁሉ ዕቃው መኪናው ውስጥ ሳለ ነው የሚሸጠው። ከመፈታቱ በፊት ፎቶ ይነሳ። ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ፣ ማሞቂያው ሲበራ በቪዲዮ ይቀረጽ። መሬት ላይ የተጣለ የኤሌክትሪክ ወንበር «ይሠራል» ቢባል ማን ያምናል? ዕቃው ላይ የተለጠፈው ቁጥር ይነሳ፤ ገዢው ለመኪናው መሆን አለመሆኑን የሚያጣራው በእሱ ነው። የፊት ወንበር፣ የኋላ ወንበርና የበር ልባስ አንድ ቀለም ከሆኑ በሙሉ ስብስብ ማቅረብ ይሻላል። የፊቱን ብቻ አስቀድሞ የሸጠ ሰው የኋላውን ታቅፎ ይቀራል።

የበር ልባስ በብረት ካቻቢቴ አይፈነቀልም፤ ለዚሁ የተሠራ የፕላስቲክ መፈንቀያ አለ። የጣራ ልባስ ከታጠፈ አለቀለት፤ አይቃናም። ትንንሾቹም አይናቁ። የመተርኮሻ ክዳን፣ የኩባያ ማስቀመጫ፣ የዕቃ መጫኛው መብራት፣ የቡሎን መሸፈኛ ካፕ። እነዚህ በፖስታ ስለሚላኩ ቶሎ ይሄዳሉ። ወንበር ግን ግዙፍ ነው፤ የሚያዋጣው መጥቶ የሚጭን የአካባቢ ሰው ነው።

ይህን ሽያጭ የውድድሩ አካል ያደረገም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ካሊፎርኒያ የተጀመረ አንድ የቅራቅንቦ መኪና ውድድር አለ፤ ስሙ 24 አወርስ ኦፍ ሌመንስ። በፈረንሳዩ የ24 ሰዓት ውድድር፣ በ«ለ ማን» ላይ የተቀለደ ስም ነው። በአማርኛ «ለምንስ?» ብሎ ያነበበው ሰው ብዙም አልተሳሳተም። የታወቀበት ደንብ መኪናው ከ500 ዶላር አይበልጥ የሚል ነው፤ የደኅንነት ዕቃ አይቆጠርም። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ከመኪናው ላይ የተሸጠ ዕቃ ከዋጋው ይቀነሳል። ስለዚህ ቡድኖቹ ወንበርና ሬዲዮ እየሸጡ በጀት ይፈጥራሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር። ወንበርና ሞኬት በአንድ ከሰዓት ይመለሳሉ። የተሰበረ ሬንጅ፣ የተቆረጠ ብረት፣ የተበየደ ሮልኬጅ አይመለስም። እንደ ኢ46 ኤም3 ያለ ሰብሳቢ የሚፈልገው መኪና ከሆነ የመጀመሪያው ወንበር ቤት ተሸፍኖ ቢቀመጥ ይበጃል። ሁለተኛው፣ ምንጣፉ ሲነሳ መኪናው ምስጢሩን ያወጣል። ዝገት ይታያል፣ ውኃ የገባበት ይታያል። ኢ46 በተለይ የኋላው አክስል ተሸካሚ የሚታሰርበት ወለል በመሰንጠቅ ይታወቃል፤ ከውስጥም ከሥርም ጊዜ ወስዳችሁ እዩት። ስንጥቅ ካለ የወንበሩ ብር መሄጃውን አገኘ።

ቡሎኖቹን ደግሞ በየዕቃው ለይታችሁ በትንንሽ ፌስታል አድርጉና ስም ጻፉባቸው። ገዢው ወንበሩን ጭኖ በሄደ በሁለተኛው ቀን ይደውላል።

«ቡሎኑስ?»