ህዳር ሲታጠን፡ የታጠነው ማነው?

ባለፈው ከመገናኛ ወደ ፒያሳ ስንሄድ የተሳፈርንባት ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ ትተፋ ጀመር፣ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ወደኋላ አየና "ህዳር ሲታጠን!" አለ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ፣ እኔም ስቄያለሁ አልዋሽም። ግን አጠገቤ የነበረች ልጅ ለጓደኛዋ "ህዳር ሲታጠን ማለት እኮ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ማለት ነው" ብላ ስታስረዳት ከነከነኝና ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ።

ማጠንና ማቃጠል ከመቼ ወዲህ ነው አንድ የሆኑት? አያቴ ቤቷ ሰሜን ሸዋ ነበር፣ የወተት ቅሏን አጥባ ፀሀይ ላይ ካደረቀች በኋላ ፍሙ ላይ የወይራ ስንጣሪ ጣል ታደርግና ጭሱ መውጣት ሲጀምር ቅሉን በአፉ ትደፋበታለች፣ ከዛ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ ማንም እንዳይነካባት። የዛ ቅል እርጎ ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ወይራ ከጠፋ ጥንጁት ነው። የጠላው ጋን ይታጠናል፣ የክት ልብስ ይታጠናል፣ በቤተክርስቲያን ታቦቱም ህዝቡም ይታጠናል። የሚታጠነው እንግዲህ የሚሳሱለት ነገር ነው፣ ቆሻሻ የሚያጥን ሰው እኔ አይቼ አላውቅም። ደሞ አባባሉን ልብ ብላችሁ ስሙት እስቲ፣ ሲታጠን የተባለው ህዳር ነው፣ ወሩ ራሱ ታሞ ነበር።

የታመመው በ1911 ነው። ፈረንጆቹ አራት አመት ሲፋጁበት የነበረው የመጀመሪያው የአለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል ወታደር በመርከብና በካምፕ ታጭቆ ያራባው ኢንፍሉዌንዛ አለምን አዳረሰ፣ የስፔን ጉንፋን ያሉትም ከስፔን ስለመጣ አይደለም፣ ተዋጊዎቹ አገሮች ጋዜጣቸውን አፍነው ስለነበር ገለልተኛዋ ስፔን በግልፅ ስለፃፈች ስሙ እሷ ላይ ተለጠፈ። በአለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ሰው ገደማ እንደጨረሰ ይገመታል፣ ከጦርነቱ በላይ ማለት ነው። ጉልበት ያለውን ጎረምሳ ነበር የሚመርጠው። እኛ ጦርነቱ ውስጥ አልነበርንም ግን የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና አመት ከምናምኑ ነበርና በሽታው በሱ ተሳፍሮ ነው የመጣው እላለሁ እኔ። የጦርነቱ ማቆሚያ የተፈረመው ህዳር 2 ነው፣ አውሮፓ ደወል ሲደውል አዲስ አበባ ቀባሪ አጥታ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ነው የተረፉት፣ በኋላ በህይወት ታሪካቸው ላይ ከ10,000 በላይ ሰው እንደሞተ ፅፈዋል። ህዝቡ "የህዳር በሽታ" አለው፣ ህዳር 12 በሚካኤል ቀን ደጁን እየጠረገ አጨሰ፣ ስሙም ከዛ ቀረ ይባላል።

እዚህ ላይ የራሴን መላምት ካልተናገርኩ አይሆንልኝም፣ ማስረጃ ካላችሁኝ ግን የለኝም። እኔ ጭሱ ከበሽታው ይቀድማል ባይ ነኝ። ለምን ብትሉ፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው እዚህም እዚያም ሲያቁር፣ ጥቅምትና ህዳር የወባ ወቅት ነው፣ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት የተመለሰ ሁሉ ያውቀዋል። የገጠር እናቶች ማታ ማታ የሚያጨሱት ጥንጁት፣ ወገርትና ቀበርቾ ደግሞ ትንኝ አባራሪ ናቸው። ስለዚህ 1911 ላይ ያ ጉድ ሲመጣ ሰው አዲስ ነገር አልፈጠረም፣ እናቱ የምታውቀውን ጭስ ከጓዳ አውጥቶ ደጅ ላይ አነደደው፣ ወሩን በሙሉ እንደ ቅል ደፍቶ አጠነው። ጭስ ኢንፍሉዌንዛ አይገድልም እሺ፣ ቫይረሱንማ ሳይንቲስቶቹም ለይተው ያወቁት ከ15 አመት በኋላ ነው። ታዲያ ማን በማን ይስቃል?

አያቴ ህዳር 12 ማታ ግቢውን ጥግ ጥጉን አስጠርጋን፣ ደረቅ ቅጠሉንና ገለባውን ከምራ፣ ከላይ ጥንጁትና የወይራ ቅጠል ታደርግበት ነበር። እሳቱ ቦግ ሲል ትቆጣለች፣ "አታንድዱት፣ ይጭስ!" ብላ እርጥብ ቅጠል ትጨምርበታለች። ከዛ በየተራ ጭሱ መሀል ታቆመናለች፣ ዓይናችን እያለቀሰ፣ እሷ ሚካኤልን እየጠራች።

አሁን ሰፈራችን በዛ ቀን ምን እንደሚነድ ታውቃላችሁ፣ ፌስታል፣ የተቀደደ ጫማ፣ የመኪና ጎማ። ጎረቤት ያለች አስም ያለባት ልጅ መስኮቷን ዘግታ ታድራለች። ይሄን "ባህላችን ነው" የሚለኝ ሰው እርጎ በጎማ ጭስ የታጠነ ቅል ውስጥ ይቅረብለት እስቲ።

ረዳቱን "ወንድሜ፣ ታክሲህ እየታጠነች ሳይሆን እየነደደች ነው፣ ዘይቷን አስፈትሽላት" ልለው አስቤ ነበር፣ ግን ሂሳብ እየሰበሰበ ነው፣ ፊቱም አያስወራም። ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ።