ተማሪ ይዞ ጫካ መግባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራዬ ለጉብኝት የመጡ ተማሪዎችን ይዞ ተራራና ጫካ መውጣት ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንጦጦ ወይም መናገሻ ሱባ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሰሜን ተራሮች። ሰው ይህን ሲሰማ «ታድለህ፣ እየተዝናናህ ይከፈልሃል» ይለኛል። እሱስ ይሁን፣ ልተወው። ከመምህራን፣ ከወላጆች፣ አንዳንዴም ከእኛው ከአስጎብኚዎቹ አፍ የማይጠፉ ሌሎች አባባሎች አሉ፤ እነሱ ግን ልጅ ላይ ጣጣ ያመጣሉ።

«ጎበዞቹ ከፊት ይሂዱ፣ የደከመው ቀስ ብሎ ይደርሳል»

በጣም የተለመደው ይሄ ነው፣ በተለይ ስፖርት አስተማሪ አብሮን ከመጣ። እስቲ የሚሆነውን አስቡት። ፊተኞቹ ሮጠው ኮረብታው ላይ ይደርሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። የመጨረሻዋ ልጅ እያለከለከች ስትደርስ «በሉ እንቀጥል» ይባላል። ማረፍ የነበረባት እሷ፣ ያረፉት እነሱ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ደግሞ ማንም ሳያያት መንገዱ ዳር ትቀመጣለች።

እኔ ቀርፋፋውን ልጅ ከኋላዬ ሁለተኛ አደርገዋለሁ። የጉዞውን ፍጥነት የሚወስነው እሱ ነው። ግን አይነገረውም። «አንተ ከኔ አትለይ፣ ይህቺን ፊሽካ ያዝልኝ» ነው የምለው። ከሁሉም ኋላ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ይሆናል፤ ከእሱ ኋላ ማንም አይቀርም፣ ጫማውን የሚያስር ልጅ ካለ እሱም ይቆማል። መንታ መንገድ ላይ ሁሉም ሳይሰበሰብ አይታለፍም።

ይህን ማንም አላስተማረኝም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንጦጦ ላይ 43 ልጆች ይዤ ወጥቼ፣ ለምሳ ስንቀመጥ ብቆጥር 41። ደግሜ ቆጠርኩ፣ 41። እግሬ ከዳኝ። ሁለቱ ከጓደኞቻቸው ኋላ ቀርተው መንታው ላይ ወደ ሌላኛው የእግር መንገድ ታጥፈው ኖሯል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት አግኝተዋቸው፣ ሸክማቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ይዘው አመጧቸው። አመስግኜ ሳልጨርስ «ልጅ ከኋላ ነው የሚጠበቅ» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አደርጋለሁ። ስቆም «ጓደኛህስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከቁጥር ይልቅ ይሄ ፈጣን ነው።

«የአገሩ ልጅ ከፍታ አይነካውም»

አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፣ እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ያልፋል። እዚህ ላደገ ልጅ ልዩነቱ ከማለክለክ ያለፈ ነገር ላያመጣ ይችላል። ግን የሚመጡልኝ ሁሉ የአዲስ አበባ ልጆች አይደሉም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ክረምት ላይ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ከወላጆቻቸው ጋር የሚመጡት ደግሞ ያደጉት ከባሕሩ እምብዛም ከፍ በማይል ቦታ ነው፤ ትናንት ከአውሮፕላን ወርደው ዛሬ እንጦጦ ላይ «ሩጡ» ቢባሉ ራሳቸውን ቢያማቸው አይገርምም። ሰሜን ተራሮች ላይ ከሆነማ የአዲስ አበባውም ልጅ አይቀርለትም። ሳንቃበር 3,250 ሜትር አካባቢ ነው፣ ግጭ ከዚያም በላይ፣ ራስ ዳሸን ከ4,500 ይበልጣል።

ሌላው ስህተት «ጎረምሳ ነው፣ ኳስ ተጫዋች ነው፣ ይችለዋል» ማለት ነው። ጉልበት ከፍታን አይመክትም። እንዲያውም ጉልበተኛው ስለሚቸኩል ቀድሞ ይታመማል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ምግብ ማስጠላት ናቸው። ልጆች ደግሞ አይናገሩም፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል ብለው ይደብቃሉ። ስለዚህ «ታመሃል ወይ?» አልልም፣ ምሳ ዕቃውን ነው የማየው። ሁልጊዜ የሰው ምሳ የሚቀማ ልጅ የራሱን ሳይነካ ከመለሰ ነገር አለ ማለት ነው።

ራሱን ያመመው ልጅ ወደ ላይ አይቀጥልም። ሕመሙ ከባሰ ይወርዳል። ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተዘባረቀ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይወርዳል። ማስታገሻ ውጦ መውጣቱን መቀጠል ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

«ብርድ ስለሆነ ፀሐይ አያቃጥልም»

ያቃጥላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ቆዳ የሚጎዳው ጨረር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል ይባላል። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ አይታወቅም፣ ማታ ላይ ግን ጆሮና አፍንጫ ይላጣል። ባርኔጣ ያድርጉ። ጥቁርም ቢሆኑ።

«ተማሪ ስለሆኑ ብዙ ማስረዳት አለብህ»

ይህኛው ልቤን ይነካኛል፣ ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ። መናገሻ ሱባ አንድ ትልቅ ጽድ ሥር 50 ልጅ አቁሜ፣ ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጀምሬ፣ የጽዱ ዘር ከወፍ ዋሻ ጫካ መጥቶ በንጉሡ ትእዛዝ እንደተተከለ የሚነገረውን ታሪክ ሁሉ ዘርግፌ፣ ቀና ስል የሚያዳምጠኝ አስተማሪው ብቻ። ልጆቹ ጉሬዛ እያዩ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ጉሬዛው ይበልጣል።

አሁን መጀመሪያ ጨዋታ ነው። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፣ አንዱ ዓይኑ በሻርፕ ይታሰራል። ሌላው እጁን ይዞ፣ አዙሮ አዟዙሮ፣ አንድ ዛፍ ጋ ያደርሰዋል። የታሰረው ልጅ ግንዱን ይዳስሳል፣ ያሸታል፣ ያቅፋል። ከዚያ ይመለስና ዓይኑ ሲፈታ «ዛፍህን ፈልግ» ይባላል። የጽድ ልጥ ረጅም ክር እየሆነ ነው የሚላጠው፤ የኮሶ ደግሞ ቀላ ያለ ነው፣ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይነሳል። አንዴ በእጁ ያወቀውን ልጅ አይረሳውም። የዘርዐ ያዕቆብን ነገር የማወራው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም በሁለት ደቂቃ። ያኔ «ይሄ የኔ ዛፍ ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው የሚጠይቁት እነሱ ናቸው።

ሌላም ልጨምር። አንድ ጊዜ ከገጠር ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ነበሩ። እኔ «ይሄ ጽድ ይባላል» ስል አንዱ ቀስ ብሎ በኦሮምኛ «ጋቲራ» አለ። ዝግባውን ስጠራ «ቢርቢርሳ»፣ ኮሶውን ስጠራ «ሄቶ»። የትኛው እንጨት ለአጥር፣ የትኛው ለቤት ምሰሶ እንደሚሆን ያውቃሉ። አፌን ዘግቼ ተማሪ ሆንኩ። የዚያን ቀን አስጎብኚዎቹ እነሱ ነበሩ።

«እንጦጦ ጫካው ጥንታዊ ነው»

አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መጣሁ ይላል፤ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ይህን በቃል ከመንገር አንድ ገመድ ክብ አድርጌ መሬት ላይ አስቀምጣለሁ። «ውስጡ ስንት ዓይነት ተክል አለ?» ብዬ አስቆጥራቸዋለሁ፣ አንዴ ባሕር ዛፍ ሥር፣ አንዴ አገር በቀል ዛፍ ሥር። ባሕር ዛፉ ሥር ቆጠራው ቶሎ ያልቃል።

«ዝናብ ከመጣ ዛፍ ሥር እንጠለላለን»

ዝናብ ብቻ ከሆነ ግድ የለም። መብረቅ ካለ ግን ብቻውን የቆመ ትልቅ ዛፍ ሥር መሰብሰብ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ብልጭ ካለ በኋላ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ሩቅ አይደለም፣ ከጉብታው ወርዶ ወደ አውቶቡስ ወይም ወደ ቤት መግባት ነው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ አለ። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ስለማይታመን በጠዋት ወጥተን ከምሳ በፊት መውረድ እመርጣለሁ። ወላጆች ደግሞ «ይበርዳቸዋል» ብለው ጋቢ ይልካሉ። ደረቅ ጋቢ ገነት ነው። የረጠበ ጋቢ ግን ከባድ፣ ቀዝቃዛ፣ የማይደርቅ ጣጣ ነው። የዝናብ ልብስ ይላኩ።

«የምንጭ ውሃ ነው፣ ጥርት ያለ ነው»

ጥራቱ ለዓይን ነው። ከላይ ከብት ይሰማራል። መፍላት አለበት፣ ተራራ ላይ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ከፈላ በኋላም ሦስት ደቂቃ እሳቱ ላይ እየፈላ ይቆይ። ለቀን ጉዞ ከሆነ ደግሞ ከቤት ይዞ መምጣት ነው፣ አለቀ።

«እባብ ከነደፈ ቆርጦ መምጠጥ»

አይቆረጥም፣ አይመጠጥም፣ በገመድም አይታነቅም። ልጁ እንዳይራመድ፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ በሸክም ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ቀለበትና አምባር ካለ እብጠት ሳይመጣ ይወልቃል።

«ጭላዳ ብስኩት ብንሰጠው ምን አለበት?»

ጭላዳ በዋናነት ሣር በሊ ነው። ብስኩት የለመደ ቀን ግን ቦርሳ መቀማት ይጀምራል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቡድን ደግሞ ዋጋውን ይከፍላል።

«አውቶቡስ ላይ ከወጣን አለቀ»

ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ፣ ልጆቹ እየዘፈኑ፣ እኔ ገና በመቀመጫዎቹ መሀል ነኝ። «ጓደኛህስ?» ካልሲ ዝቅ፣ መዥገር ካለ ይታያል። ምሳውን ያልነካው ልጅ መስኮት ዳር ይቀመጣል፣ ላስቲክ በእጁ። ከዚያ እቆጥራለሁ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት። ሹፌሩ ያጉረመርማል፣ «አሁን ቆጠርክ አይደል እንዴ?»

ቆጥሬያለሁ። ሁለቱም 43 ካልመጣ አንሄድም።